«እያጣራሁ ነው» ያልኩ ቀን

የአንባቢያን ጥያቄና የጠማቂው መልስ

በዚህ አምድ ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝ ስለ እርሾ፣ ስለ አረፋና ስለ ጎመዘዘ ቢራ ነው። ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች ግን ለየት ይላሉ። አብዛኞቹ ውስጥ ፖሊስ አለ፤ አንዱን እንዲያውም የጻፈው ፖሊስ ነው። ጉዳዩ እኔንም በአንድ ወቅት እንቅልፍ ስለነሳኝ ዛሬ ሌላውን ጥያቄ ሁሉ አቆይቼ እነዚህን እመልሳለሁ።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቢራ በቤቴ መጥመቅ ከጀመርኩ አንድ ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ማታ 20 ሊትር ቢራ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ሳዘዋውር በሩ ተንኳኳ። ሁለት ፖሊሶች ናቸው። ጎረቤት ‹ከዚያ ቤት እንግዳ ሽታ ይወጣል፣ ሌሊቱን መብራት አይጠፋም› ብሎ ጠቁሟል። ‹ምን እየሠራህ ነው?› ሲሉኝ ‹እያጣራሁ ነው› አልኩ። ጠረጴዛው ላይ የመዳብ ጥምዝ ቱቦ ነበር። መስኮቱ ሥር እርሾ የማባዛበት ብልቃጥ በማግኔት እየተሽከረከረ ነበር። በላስቲክ የቋጠርኩት ነጭ ዱቄትም ነበር። እርስ በርስ ተያዩ። ዱቄቱንና ቱቦውን ይዘው እኔንም ጣቢያ ወሰዱኝ። ቃሌን የተቀበሉበት ወረቀት ላይ ‹አልኮል ሲያጣራ ተገኘ› ይላል። ደንግጬ ስለነበር ፈረምኩ። በማግስቱ በዋስ ወጣሁ። ጥፋቴ ምንድን ነው? ምን ማለትስ ነበረብኝ?» — ድንጋጤው ያልለቀቀኝ ጠማቂ

ልጄ፣ እንኳን በሰላም ወደ ቤትህ ተመለስክ።

ከቃሉ ልጀምር፣ ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነውና። አንተ «እያጣራሁ ነው» ስትል ቢራውን ከአተላው እየለየሁ ነው ማለትህ ነበር። ፖሊሱ የሰማው ሌላ ነው። በአማርኛችን በጨርቅ ማሳለፍም ማጣራት ነው፤ አልኮልን በእንፋሎት ለይቶ ማውጣትም ማጣራት ይባላል። በሕግ ፊት ግን ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ከእንግዲህ «እያጠለልኩ ነው» በል። «ከአተላው እየገለበጥኩት ነው» ብትልም ያስኬዳል። «እየፈላ ነው» የሚለውንም ተጠንቀቅ። እሳት ላይ የተጣደው ይፈላል፤ እርሾ የገባበትም ይፈላል። ቀዝቃዛ ባልዲ እያሳየህ «ይሄ እየፈላ ነው» ብትለው፣ ጠመቃ የማያውቅ ሰው ምን ኬሚካል ቢጨምርበት ነው ያለ እሳት የሚፈላው ብሎ ያስባል። «እርሾው እየሠራ ነው» በለው።

አሁን ወደ ጥምዝ ቱቦው እንምጣ። ይህን ቱቦ አይተው የተጠራጠሩትን ሰዎች አልፈርድባቸውም። አረቄ ማውጫም ላይ ያው ዓይነት የመዳብ ጥምዝ አለ። ልዩነቱ በቱቦው ውስጥ በሚያልፈው ነገር ነው። ለአረቄ፣ የአልኮሉ እንፋሎት በቱቦው ውስጥ ያልፋል፤ ቀዝቃዛው ውሃ በውጭ ነው። ለቢራ ተቃራኒው ነው። ቀዝቃዛው ውሃ በቱቦው ውስጥ ያልፋል፤ ቱቦው ራሱ ትኩሱ የብቅል ውሃ ውስጥ ይጠልቃል። ሥራው 100 ዲግሪ የነበረውን ፈሳሽ ቶሎ ወደ 20 ዲግሪ ማውረድ ብቻ ነው። ያኔ አልኮል ገና አልተፈጠረም፤ እርሾው እንኳ አልገባም። የቱቦህን ሁለት ጫፎች አሳያቸው። አንዱ ከውሃ ቧንቧ ጋር የሚገጠም ማያያዣ አለው፤ ሌላው ውሃውን ወደ ማጠቢያ የሚያፈስ ጎማ አለው። ይህን ያየ ሰው በቀላሉ ይገባዋል።

ነጭ ዱቄቱ ምን እንደነበር አልነገርከኝም፤ ግን አውቀዋለሁ። ጠማቂ ቤት ነጭ ዱቄት አይጠፋም። ጠርሙስ ሲሞላ የሚጨመረው ግሉኮስ ነጭ ነው። ውሃ የምናስተካክልበት ጂፕሰምም፣ ሲትሪክ አሲድም፣ የዕቃ ማጠቢያው ዱቄትም ነጭ ነው። ችግሩ ከመጣበት ከረጢት አውጥተህ በላስቲክ መቋጠርህ ነው። ይህን አታድርግ። ዱቄቱ በመጣበት ማሸጊያ ይቀመጥ። ማሸጊያው ከተቀደደ ክዳን ባለው ጣሳ ገልብጥና የማሸጊያውን ጽሑፍ ቆርጠህ ለጥፍበት። ብልቃጡ ላይም «የቢራ እርሾ» ብለህ ቀኑን ጻፍ። ጠብታ አዮዲን ለዕቃ ማጽጃ የምትጠቀም ከሆነ እሱም በራሱ ጠርሙስ ይሁን። ብልቃጥ፣ አዮዲንና ስም የሌለው ነጭ ዱቄት አንድ ጠረጴዛ ላይ ከተገናኙ ማንም ሰው መጥፎ ነገር ያስባል።

እኔም ደርሶብኛል፤ ዝም ብዬ እየመከርኩህ አይደለም። ኬሚስትሪ አስተምር በነበረበት ዘመን፣ ገና ሦስተኛ ወይም አራተኛ ጠመቃዬ ላይ ነው። ትልቁ የመስታወት ጠርሙስ አረፋው በዝቶ ክዳኑን ስለገፋው ወፍራም ጎማ ሰክቼ ጫፉን ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ነከርኩት። ሌሊቱን ሙሉ ብልቅ፣ ብልቅ ይላል። ቤት ያከራየኝ ሰው ድምፁን ሰምቶ፣ በመስኮት አይቶ፣ ፖሊስ ጠራ። በሩ ሲንኳኳ ማን እንደሆነ በድምፃቸው አወቅኩ። ያኔ የሠራሁትን ስህተት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ጠርሙሱን አንስቼ ማጠቢያው ላይ ደፋሁት። ምንም ሕገወጥ ነገር አልነበረውም፤ ፍርሃት ነው። ሲገቡ ግማሹ ገና እየፈሰሰ ነበር። ሳጅኑ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «ንጹሕ ነገር ከሆነ ለምን ደፋኸው?» መልስ አጣሁ። ሌሊቱን ጣቢያ አደርኩ።

ያወጣኝ ደብተሬ ነው። ጠዋት ላይ ሌላ መርማሪ መጣ። «የምትሠራውን የምትጽፍበት ነገር አለ?» አለኝ። ከቤት አስመጣሁለት። በእጅ ጽሑፌ ቀኑ አለ። የብቅሉ መጠን 4 ኪሎ ተኩል። ብቅሉ የተዘፈዘፈበት ሙቀት 66 ዲግሪ፣ ለ60 ደቂቃ። ቢራውን የሚያመርረው የሆፕ አበባ መቼ እንደገባ። እርሾው 11 ግራም። የፈሳሹን ጥግግት የሚለካው የሃይድሮሜትር ንባብ 1.048። መርማሪው ገጽ በገጽ አነበበው። የመጀመሪያዎቹን ያልተሳኩ ጠመቃዎች፣ «ጎመዘዘ፣ ተደፋ» የሚለውን ሁሉ አየ። ወንጀል የሚሠራ ሰው እንዲህ አይጽፍም ብሎ መሰለኝ፣ ደብተሩን ዘግቶ ወደ ቤቴ እንድሄድ ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ያለ ደብተር ጠምቄ አላውቅም።

ስለዚህ ፖሊስ ሲመጣ ምንም ነገር አትድፋ፣ አትደብቅ፣ አታንቀሳቅስ። እሳት ላይ የተጣደ ነገር ካለ መጀመሪያ ይህን ንገራቸው። «ቡታጋዙ እየነደደ ነው፣ ላጥፋው?» ብለህ ጠይቅና ሲፈቅዱልህ አጥፋ። ከዚያ በአንድ ዓረፍተ ነገር «በቤቴ ለራሴ ቢራ እጠምቃለሁ» በል። አትቀልድ። ስለ ቦምብ፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ምሥጢር ቅመም የሚነገር ቀልድ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ቀልድነቱ ይጠፋል። ሌላም አለ፤ ይህኛው ለደግ ሰው ይከብዳል። «እስቲ ቅመሱልኝ» አትበል። አንተ እንግዳ መቀበልህ ነው። እነሱ ግን ሥራ ላይ ናቸው፤ የምትቀዳው ብርጭቆ እንደ መደለያ ሊቆጠር ይችላል።

ለምን እንደመጡና ቤቱን ለመፈተሽ ማዘዣ እንዳላቸው በትሕትና መጠየቅ ነውር አይደለም። ዕቃ ከወሰዱ ዝርዝሩ ተጽፎ ቅጂው ይሰጥህ። ዝርዝሩ ላይ «ኬሚካል» ተብሎ ከተጻፈ «ግሉኮስ» ተብሎ ይስተካከልልኝ በል። ያላነበብከውን፣ ወይም አንብበህ ያልተስማማህበትን አትፈርም።

አንተ ፈርመሃል። ቢሆንም አልረፈደም። ጠበቃ ያዝና «አልኮል ሲያጣራ» የሚለው ቃል በምን ትርጉም እንደተነገረ በጽሑፍ አስረዳ። ከዕቃው ናሙና ተወስዶ ከሆነ እንዲመረመር አንተው ጠይቅ። ቢራ ከሆነ አልኮሉ 4፣ 5፣ ምናልባት 6 በመቶ ይወጣል። በእንፋሎት የወጣ አረቄ ግን ብዙውን ጊዜ 40ና ከዚያ በላይ ነው። ይህ ቁጥር ከአንተም ከእኔም ቃል በላይ ይናገርልሃል። ደብተር ካለህ ይዘህ ሂድ። ከሌለህ ዛሬውኑ ጀምር፤ ግን ያለፈውን አሁን እንደጻፍከው በግልጽ አስፍር። ያኔ የተጻፈ ለማስመሰል ያለፈ ቀን አትጻፍበት።

ጎረቤትህንም አትቀየመው። ብቅል ሲቀቀል ሽታው ሩቅ ይሄዳል፤ ለማያውቀው ደግሞ እንግዳ ነው። ሄደህ አነጋግረው። የምትጠምቅበትን ቀን አስቀድመህ ንገረው። ከተቻለ ቀን ጥመቅ። እኔ ከዚያ ሌሊት በኋላ ለአከራዬ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ይዤለት ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ብልቅ ብልቁን ሲሰማ «ዛሬ ደግሞ ምን ዓይነት ነው?» ይለኝ ጀመር።

«ጤና ይስጥልኝ። 40 ጠርሙስ ቢራ ሞልቼ ምድር ቤት አስቀመጥኩ። በስምንተኛው ቀን ሌሊት 12ቱ ተራ በተራ ፈነዱ። ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ተኩስ ነው ብለው ፖሊስ ጠሩ። መሣሪያ የያዙ ሰዎች ደረጃውን ሲወርዱ ልጆቼ አዩ። ባለቤቴ ሁለተኛ እንዳላይ ብሏል። በያንዳንዱ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ነው የጨመርኩት። ስህተቴ የት ላይ ነው?» — የአርባ ጠርሙስ ባለቤት

እህቴ፣ ልጆችሽ በዚያ ሰዓት ምድር ቤት ስላልነበሩ ፈጣሪ ይመስገን። የፖሊሱ መምጣት ያልፋል። የሚበር ጠርሙስ ስባሪ ግን ዓይን ያጠፋል።

ስህተቱ ማንኪያው ነው። አንድ ሊትር ቢራ አረፋ እንዲኖረው ወደ 6 ግራም ስኳር ይበቃዋል። የሾርባ ማንኪያ 12 ግራም ገደማ ይይዛል። አንቺ ለግማሽ ሊትር ጨመርሽ፤ በሊትር 24 ግራም ማለት ነው። አራት እጥፍ! 4 ግራም ስኳር ወደ 2 ግራም የሚጠጋ ጋዝ ይወጣዋል፤ ያ ጋዝ በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ መሄጃ የለውም። ሰባት ቀን ሙሉ ዝም ማለቱ አይግረምሽ። እርሾው ቀስ እያለ ስኳሩን ሲበላ ግፊቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ ከዚያ ደካማው ጠርሙስ ቀድሞ ይሄዳል።

ሁለተኛ ጊዜ በማንኪያ አትስፈሪ። ለ20 ሊትር 120 ግራም ስኳር በሚዛን መዝኚ። በትንሽ ውሃ አፍልተሽ አቀዝቅዢውና ከጠቅላላው ቢራ ጋር በቀስታ ቀላቅዪው። ያኔ ሁሉም ጠርሙስ እኩል ይደርሰዋል። ከዚያ በፊት ግን እርሾው ሥራውን መጨረሱን አረጋግጪ። ክዳኑ ብልቅ ማለቱን ስላቆመ አለቀ ማለት አይደለም። በሃይድሮሜትር ዛሬ ለኪ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ድገሚው። ቁጥሩ ካልተለወጠ አልቋል። 1.048 የነበረው ወደ 1.010 ከወረደ አልኮሉም 5 በመቶ አካባቢ ነው፤ የሁለቱን ልዩነት በ131 አባዢው። ጠርሙሱ ለቢራ የተሠራ ወፍራም ይሁን። አራት ማዕዘን ጠርሙስና የውሃ ብርጭቆ ዓይነት ስስ ጠርሙስ ግፊት አይችልም።

የተረፉት 28 ጠርሙሶች ያሳስቡኛል። አሁን በእጅሽ አትንኪያቸው። ወፍራም ብርድ ልብስ ከሩቅ ጣይባቸው፤ ልጆቹ ወደዚያ አይውረዱ። ክፍሉን ማቀዝቀዝ ከተቻለ ቀዝቃዛ ይሁን፤ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይቀንሳል። ከቀዘቀዙ በኋላ የዓይን መከላከያና ወፍራም ጓንት አድርጎ አንድ በአንድ ቆርኪውን በጨርቅ ሸፍኖ መክፈት ነው። የሚያሳዝን ቢሆንም ይደፋ።

ለፖሊሶቹም ለጎረቤቶቹም የሆነውን እንዳለ ንገሪያቸው። ተኩስ ሰማን ብለው መደወላቸው ትክክል ነው። የተሰበረውን ጠርሙስና የተበተነውን ቆርኪ ያየ ፖሊስ ብዙ አይጠይቅም። ባለቤትሽን ግን ቆርኪና ጠርሙስ አያሳምነውም። ሚዛን ግዢና በሚቀጥለው ጊዜ ስኳሩን እሱ ይመዝን።

«ጋሼ፣ የጎመዘዘ 20 ሊትር ቢራ አለኝ። ጓደኛዬ ‹ከምትደፋው አረቄ እናውጣበት፣ ቢራ ከተፈቀደ እሱም ያው አልኮል ነው› ይላል። እውነት ነው?» — ለመድፋት የሳሳሁ

አይደለም። ድፋው።

ጓደኛህ ነገሩን በቅንነት ቢያስበውም በሕግ ተሳስቷል። አሜሪካን ብትወስድ ቢራ በቤት መጥመቅ በአገር አቀፍ ደረጃ የተፈቀደው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ1978 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በፈረሙት ሕግ ነው። ገደቡ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ላለበት ቤት በዓመት 200 ጋሎን፣ ማለትም 757 ሊትር ያህል ነው። ያ ሕግ ግን አረቄን አልነካም፤ ያለ ፈቃድ ማውጣት እንደተከለከለ ቀረ። ግዛቶቹም የየራሳቸው ሕግ ነበራቸው። ሚሲሲፒና አላባማ የቤት ጠመቃን የፈቀዱት በ2013 ነው። በእንግሊዝ ለራስ ፍጆታ የሚጠመቅ ቢራ ከፈቃድ ነፃ የሆነው በ1963 ነው። ኒው ዚላንድ ደግሞ በ1996 አረቄውንም ለግል ፈቅዳለች። ጃፓን ግን አልኮሉ ከ1 በመቶ በታች ካልሆነ ቢራውንም ቢሆን ያለ ፈቃድ አትፈቅድም። አየህ፣ «እዚያ ይቻላል» የሚባል ነገር የትም አያደርስህም። የምትኖርበትን አገር ሕግ ጠይቅ። የጠመቅከውን መሸጥ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለመሸጥ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ «ለጓደኛ ብቻ ነው» የሚለው አያድንም።

ከሕጉም ባሻገር የአልኮል እንፋሎት ይቀጣጠላል። አልኮል በ78 ዲግሪ ይተናል፤ ከሥሩ እሳት አለ፤ ክፍሉ ጠባብ ነው። በዚህ ምክንያት ቤት ተቃጥሏል፣ ሰው ሞቷል።

«ለአምዱ አዘጋጅ። እኔ ፖሊስ ነኝ። ባለቤቴ መጽሔታችሁን ስለምትከታተል እኔም አነባለሁ። ባለፈው ወር ጥቆማ ደርሶን አንድ ወጣት ቤት ገባን። ቱቦና ብልቃጥ አየን፤ ልጁም እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይዘነው ሄድን፣ ዕቃውንም ኤግዚቢት አድርገን ወሰድን። በኋላ ቢራ ብቻ መሆኑ ታወቀ። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። እኛ የኬሚስትሪ ባለሙያ አይደለንም። በር ከፍተን ስንገባ በምን እንለየው?» — የሚከነክነኝ

ጌታዬ፣ ይህን ጽፈው ስለላኩልኝ ከልቤ አመሰግናለሁ። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ፖሊስ ያኔ በሬ ላይ ቆሞ ቢሆን ኖሮ እላለሁ።

መጀመሪያ አፍንጫዎን ይመኑ። የሚቀቀል ብቅል እንደ ዳቦና እንደ ተቆላ እህል ይሸታል፤ ሆፑ እንደ ሣርና እንደ ሙጫ ነው። ሽታው አፍንጫ የሚያቃጥል፣ ዓይን የሚያስለቅስ፣ የቀለም ማሟሟያ ወይም የአሞኒያ ዓይነት ከሆነ ቢራ አይደለም። ያኔ ምንም ሳይነኩ ሰዎችን ይዘው ቢወጡና ባለሙያ ቢጠሩ ትክክል ነው።

ቀጥሎ የብቅሉን ገለባ ይፈልጉ። 20 ሊትር ቢራ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ብቅል ይፈልጋል፤ ከተዘፈዘፈ በኋላ እርጥብ ገለባው ትልቅ ባልዲ ይሞላል። ይህን ያህል ነገር መደበቅ አይቻልም። ያለ እህል በብቅል ሽሮፕ የሚጠምቁም አሉ፤ እነሱ ጋ ባዶ ጣሳውን ያገኛሉ። ድስቱን ይዩት። የቢራ ድስት ክዳኑ ተከፍቶ ነው የሚቀቀለው። ክዳኑ የታሸገ፣ ከአናቱ ቱቦ የወጣለት፣ ከሥሩ እሳት ያለው ከሆነ ግን አረቄ ማውጫ ሊሆን ስለሚችል ይጠይቁ። ብልቅ ብልቅ የሚለውን ዕቃ ደግሞ ከውጭ በመዳፍዎ ይንኩት። የክፍሉን ያህል ነው ሙቀቱ፤ የሚወጣውም ጋዝ በለስላሳ መጠጥ ውስጥ ያለው ዓይነት ነው። ክዳኑን ግን አይክፈቱት። አየርና ተሕዋስ ከገባበት የሁለት ሳምንት ሥራ ይበላሻል። ናሙና ካስፈለገዎ ባለቤቱ ከዕቃው መቅጃ ቧንቧ በትንሽ ጠርሙስ ይቅዳልዎ። ክፍሉ ዝግ ምድር ቤት ከሆነና ብዙ ዕቃ ካለ በሩን ከፍተው ትንሽ ይቆዩ፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል።

ደብተሩንም ይጠይቁት። እንዴት እንደጠመቀ ከመጀመሪያው እንዲነግርዎ ያድርጉና ዝም ብለው ያዳምጡት። ጠማቂ ስለ ቢራው እንዲያወራ ከጠየቁት ማቆሚያ የለውም። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ እርሾው፣ ስላልተሳካው ጠመቃ ይነግርዎታል። ያን መፈልሰፍ ይከብዳል።

እጅ መንቀጥቀጡን ግን ማስረጃ አያድርጉት። ሌሊት ሁለት የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች ሲገቡበት ማንም ይንቀጠቀጣል። እኔ ተንቀጥቅጫለሁ።

የዚያ ወጣት ዕቃ ገና ኤግዚቢት ክፍል ካለ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። የመዳብ ቱቦው እርጥብ እንደሆነ ከተወሰደ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፤ እሱ ደግሞ መርዝ ነው። ውስጡ ያለውን ውሃ አራግፈው ደረቅ ቦታ ያስቀምጡለት። ሲመልሱለትም ከመጠቀሙ በፊት በኮምጣጤ እንዲያጥበው ይንገሩት።